የቲሙን ያቀፈች እጅ፦ የኡሙ አይመን (ረ.ዐ.) ሕይወትና ለአሳዳጊ እናቶችና አያቶች ያለብን ኃላፊነት

(በማኅበሩ የለጋሾችና የየቲም ቤተሰቦች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ተወልደው ለየቲሞች አባት በሆኑት በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ የቲም በምንነጋገርበት መድረክ ሁሉ የሁለት ሰዎች ነገር ይነሣል። አንደኛው አባቱን ያጣው ሕፃን ነው፤ ሁለተኛው ከገንዘቡ የሚለግሰው ባለጸጋ ነው። በሁለቱ መካከል የምትቆመው ሦስተኛዋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። እርሷም ከፈጅር በፊት ተነሥታ ምጣድ የምታሰማው፣ ረፋድ ላይ ጉልት የምትቀመጠው፣ ከሰዓት በኋላ የሰው ልብስ የምታጥበው፣ ማታ ደግሞ ልጁ ቁርኣን ቀርቶ መምጣቱን የምትጠይቀው እናት ወይም አያት ናት። በሸሪዓችን የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። ስለዚህም አብዛኛው የቲም በሕይወት ያለች እናት አለችው፤ እናቲቱ ብትሞት ወይም ኑሮ አስገድዷት ወደ ዓረብ አገር ብትሄድ ደግሞ ሸክሙ በአያት ትከሻ ላይ ያርፋል። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚህች ሦስተኛ ሰው ነው።

ለንግግሬም ምሳሌ ያደረግኋቸው ከዚሁ ከሐበሻ ምድር የተገኙትን፣ የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) አሳዳጊ ኡሙ አይመንን (ረ.ዐ.) ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ቢላልንና ነጃሺን ዘወትር እናነሣለን፤ ይገባናልም። የኡሙ አይመን ታሪክ ግን በየቤታችን የሚገባውን ያህል አልተነገረም።

ከውርስ ጋር የተቆጠሩት እናት

ስማቸው በረካ ቢንት ሠዕለባ ነው። ኡሙ አይመን የተባሉት በመጀመሪያ ልጃቸው በአይመን ነው። ኢማም ሙስሊም ከታቢዒዩ ከዙህሪ ይዘው እንዳሰፈሩት፣ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አባት የዐብደላህ አገልጋይ ነበሩ፤ ትውልዳቸውም ሐበሻ ነው። ዐብደላህ ልጃቸው ሳይወለድ ሞቱ። የታሪክ ጸሐፊው ኢብኑ ሰዕድ ያ ገና ዓለምን ያላየ የቲም ከአባቱ የቀረለትን ሲዘረዝሩ፣ አምስት ግመሎችን፣ ጥቂት በጎችንና ይህችን ሐበሻዊት አገልጋይ ይጠቅሳሉ።

ወገኖቼ፣ ይህን ዝርዝር ቆም ብለን እንመልከተው። በዚያ በጃሂሊያ ዘመን ልማድ ኡሙ አይመን ከግመልና ከበግ ጋር የሚቆጠሩ ንብረት ነበሩ። ዛሬ ስለ ግመሎቹም ሆነ ስለ በጎቹ የሚያነሣ የለም። ሰዎች በመጨረሻ የቆጠሯት ያቺ ወጣት ሴት ግን ለየቲሙ ከተረፈለት ሀብት ሁሉ የበለጠች ሆና ተገኘች። አላህ (ሱ.ወ.) የሚያነሣውን ሰው ከየት እንደሚያነሣው የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሕፃንነታቸው በበኒ ሰዕድ ጎሣ ዘንድ በሐሊማ ጡት አደጉ። ወደ መካ ከተመለሱ በኋላ ዕድሜያቸው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን፣ እናታቸው አሚና የአያታቸውን የዐብዱልሙጦሊብን የእናት ወገኖች ለማስጎብኘት ወደ የሥሪብ፣ ማለትም ወደዛሬዋ መዲና ይዘዋቸው ሄዱ። ኡሙ አይመንም አብረው ነበሩ። በመልሱ ጉዞ ላይ አሚና ታመው አብዋእ በተባለው ስፍራ ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ።

በዚያ በረሃማ መንገድ ላይ አባት የሌለው፣ እናቱንም አሁን የቀበረ የስድስት ዓመት ልጅ ቀረ። ከጎኑም ኡሙ አይመን ነበሩ። በመጡባቸው ሁለት ግመሎች ልጁን ይዘው የቀናት መንገድ ተጉዘው መካ ገቡ፤ ለአያቱ ለዐብዱልሙጦሊብም አስረከቡ። ልጁ ሌሊት ሲባንን ማን እንዳባበለው በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በዚያ መንገድ አብሮት የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ግን ተጽፏል።

አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ የልጅ ልጃቸውን እጅግ ይወዱ ነበር፤ ኡሙ አይመንንም ከልጁ ዐይናቸውን እንዳይነቅሉ አደራ ይሏቸው እንደነበር ተዘግቧል። ሁለት ዓመት ሳይቆይ እርሳቸውም ሞቱ። የስምንት ዓመቱ ልጅ ከአያቱ አስከሬን ኋላ እያለቀሰ ሲሄድ ያዩትና በኋላ ዘመን የተናገሩትም እኚሁ ኡሙ አይመን ናቸው። ከዚያ በኋላ አጎታቸው አቡ ጧሊብ ተረከቧቸው። እንግዲህ ከአባት ሞት ወደ እናት ሞት፣ ከእናት ሞት ወደ አያት ሞት ሲሸጋገሩ ሳይለወጡ አብረዋቸው የዘለቁት እኚህ ሴት ነበሩ። በሱረቱ ድ-ዱሓ አላህ ነቢዩን የቲም ሆነው እንዳገኛቸውና እንዳስጠጋቸው ያስታውሳቸዋል። ከዚያ መጠጊያ ሰበቦች አንዷ ይህች ሐበሻዊት እናት እንደነበሩ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

የሥራና የስደት ሕይወት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኸዲጃን (ረ.ዐ.) ባገቡ ጊዜ ኡሙ አይመንን ነፃ አወጧቸው። ከኸዝረጅ ወገን የሆነውን ዑበይድ ቢን ዘይድን አግብተው አይመንን ወለዱ። በኋላም ዘይድ ቢን ሓሪሣን (ረ.ዐ.) አገቡና ኡሳማን ወለዱ። ዘይድ ራሱ በልጅነቱ ከወላጆቹ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠ፣ በነቢዩም ቤት ያደገ ሰው ነበር።

ኡሙ አይመን እስልምናን በመጀመሪያው ዘመን ከተቀበሉት ናቸው። ወደ መዲና የተሰደዱትም ስንቅና ውኃ ሳይኖራቸው፣ በዚያ ላይ ጾመኛ ሆነው እንደነበር ኢብኑ ሰዕድ ጽፈዋል። ረውሓእ አካባቢ ሲደርሱ ጥሙ በርትቶባቸው ሳለ አላህ ከሰማይ በነጭ ገመድ የታሰረ የውኃ ባልዲ እንዳወረደላቸው፣ ከዚያ ወዲያም በብርቱ ሙቀት ቀን እየጾሙ ጥም እንዳልተሰማቸው ይተርካሉ።

መዲናም ከገቡ በኋላ አላረፉም። በኡሑድ ዘመቻ በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ (625 እ.ኤ.አ.) ዕድሜያቸው ገፍቶ ሳለ ውኃ እየተሸከሙ ተዋጊዎችን ያጠጡ፣ ቁስለኞችንም ያክሙ ነበር። በኸይበር ዘመቻም ተገኝተዋል። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ያሳደጉ ናቸውና ቁጭ ብለው መጦር ሲገባቸው የውኃ ስልቻ አነሡ።

ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከወለዷቸው እናት በኋላ እናታቸው አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። በቤታቸው እየሄዱ ይጠይቋቸዋል፤ ይቀልዷቸዋልም። አንድ ቀን መጓጓዣ ቢጠይቋቸው በግመል ግልገል ላይ እንደሚያስቀምጧቸው ነገሯቸው። ኡሙ አይመን ግልገል እንደማይችላቸው ተናግረው እምቢ ቢሉ፣ ትልቁም ግመል የግመል ልጅ አይደለምን? አሉና አሳቋቸው። አንድ ጊዜ ደግሞ ነቢዩ ሊጠይቋቸው ሄደው መጠጥ ቢያቀርቡላቸው ሳይጠጡ ቀሩ። ኡሙ አይመን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቆጧቸው። በሰሒሕ ሙስሊም የሰፈረ ነው። መላው መዲና የሚታዘዛቸውን ነቢይ ጠጣ ብሎ የሚቆጣ ሰው እናት ካልሆነ ማን ሊሆን ይችላል?

የተምር ዛፎቹ ጉዳይ

አሁን የምነግራችሁን ለጋሾች ሁሉ አስተውላችሁ እንድትሰሙኝ እለምናለሁ፤ ከዛሬው ስብሰባችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነውና።

ሙሃጂሮች መዲና በገቡ ጊዜ እጃቸው ባዶ ነበር። አንሷሮች ፍሬውን እንዲበሉ የተምር ዛፎቻቸውን ሰጧቸው። የአነስ ቢን ማሊክ እናትም ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዛፎች ሰጥተው ነበር፤ ነቢዩም ለኡሙ አይመን ሰጧቸው። ከጊዜ በኋላ አላህ ለሙሃጂሮች ሲሳይን ባሰፋላቸው ጊዜ ለአንሷሮች ዛፎቻቸው መመለስ ጀመረ። አነስም ዛፎቹን እንዲጠይቅ በቤተሰቦቹ ተላከ። ኡሙ አይመን ይህን ሲሰሙ መጥተው ልብሱን በአንገቱ ላይ ጠምጥመው ያዙና ፈጽሞ እንደማይመልሱ ማሉ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን አደረጉ? ዛፎቹ ለባለቤቶቹ መመለስ ነበረባቸው፤ ይህ ሐቅ ነው። ነገር ግን አልተቆጡም፤ ጉልበትም አልተጠቀሙም። በምትኩ ይህን ያህል እሰጥሻለሁ አሏቸው፤ እምቢ አሉ። ጨመሩላቸው፤ አሁንም እምቢ አሉ። አሥር እጥፍ ወይም ወደ አሥር እጥፍ እስኪደርስ ድረስ ጨመሩላቸው። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ለአንሷሮች ሐቃቸው ተመለሰ፤ የእናቲቱም ልብ አልተሰበረም።

ሁለት ሐዘን በአንድ ዓመት

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በጁማደል ኡላ ወር (629 እ.ኤ.አ.) ባለቤታቸው ዘይድ በሙእታ ጦርነት ሰንደቁን ይዘው ሰማዕት ሆኑ። በዚያው ዓመት በሸዋል ወር (630 እ.ኤ.አ.) የበኩር ልጃቸው አይመን በሑነይን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር ጸንተው ከቆሙት ጥቂት ሰዎች ጋር ሆኖ ተሠዋ። በአምስት ወር ውስጥ ባልም ልጅም ሄዱ። አይመን ሐጃጅ የሚባል ልጅ ነበረው። የቲም ያሳደጉት ኡሙ አይመን በስተርጅና የየቲም አያት ሆኑ።

ሁለተኛው ልጃቸው ኡሳማ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላው በ11ኛው ዓመተ ሒጅራ (632 እ.ኤ.አ.) ታላላቅ ሰሓባዎች ያሉበት ሠራዊት አዛዥ ሆኖ ተሾመ። አንዳንዶች ሹመቱን ቢነቅፉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀድሞ የአባቱንም ሹመት ነቅፈው እንደነበር አስታውሰው ለሹመቱ የተገባ መሆኑን መሰከሩለት። ከነቢዩ ሕልፈት በኋላ ሠራዊቱ ሲነሣ ኡሳማ በፈረስ ላይ ሳለ ኸሊፋው አቡበክር (ረ.ዐ.) በእግራቸው እየሄዱ ሸኙት። ከባርነት የወጡት እናትና አባት ልጅ ከዚህ ደረሰ።

የአቡበክርና የዑመር ጉብኝት

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ካረፉ በኋላ አቡበክር ዑመርን (ረ.ዐ.) ጠርተው፣ ነቢዩ ይጎበኟቸው እንደነበረ ሁሉ እኛም ሄደን ኡሙ አይመንን እንጎብኝ አሏቸው። የአገር ሥራ፣ የጦር ሥራ ከፊታቸው ተደቅኖ ሳለ ሁለቱ ወደዚያች አሮጊት ቤት ሄዱ። ሲደርሱ አለቀሱባቸው። በአላህ ዘንድ ያለው ለነቢዩ የተሻለ መሆኑን ቢያስታውሷቸው፣ ኡሙ አይመን ይህን እንደሚያውቁ ነገሯቸው፤ የሚያለቅሱት ከሰማይ ይመጣ የነበረው ወሕይ በመቋረጡ ነበር። ሁለቱም ሰዎች አብረዋቸው አለቀሱ። ሊያጽናኑ የሄዱት ከእርሳቸው ተምረው ተመለሱ።

የኡሙ አይመን ሞት ከነቢዩ ሕልፈት አምስት ወር በኋላ እንደነበር ዙህሪ ሲዘግቡ፣ ሌሎች ጸሐፊዎች እስከ ዑሥማን (ረ.ዐ.) ኸሊፋነት መጀመሪያ እንደኖሩ አስፍረዋል። ከዓመታት በኋላ የልጅ ልጃቸው ሐጃጅ መስጊድ ገብቶ ሩኩዑንና ሱጁዱን ሳያሟላ ሲሰግድ ዐብደላህ ቢን ዑመር አይተው ሰላቱን እንዲደግም አዘዙት። ማን እንደሆነ ጠይቀው የኡሙ አይመን ዘር መሆኑ ሲነገራቸው፣ ነቢዩ ቢያዩት ኖሮ በወደዱት ነበር አሉ። በዚህ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የቲም ስለሆነ ብለው ስሕተቱን አላለፉለትም፤ ስለ አያቱም ብለው በፍቅር አዩት። የቲም ሁለቱም ያስፈልገዋል፤ እርማትም ፍቅርም።

ለእኛ የሚተወው ትምህርት

የተከበራችሁ ለጋሾች፤ ከዚህ ታሪክ አራት ነገሮችን ይዘን እንድንሄድ እሻለሁ።

አንደኛ፣ የቲምን መርዳት ማለት የምታሳድገውንም መርዳት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የየቲም ኃላፊ በጀነት ከእርሳቸው ጋር እንደ ሁለት ጣቶች እንደሚቀራረብ ነግረውናል፤ ለባል አልባዋና ለሚስኪኑ የሚለፋውንም በአላህ መንገድ ከሚታገለው ጋር አመሳስለውታል። በመምህርነቴ የማውቀው አንድ ተማሪ ነበር። ጎበዝ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁልጊዜ ያንቀላፋል። ሲጠየቅ፣ አያቱ እንጀራ ሸጠው ነው የሚያኖሩት፤ ሌሊት ከእርሳቸው ጋር ተነሥቶ እንጨት ሲማግድና ጭስ ሲታጠን ያድራል። ደብተር ተሰጥቶታል፤ የደንብ ልብስም ተገዝቶለታል። የጎደለው ግን በአያቱ ጓዳ ውስጥ ነበር። ጎረቤቶች ተባብረው የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙላቸው፤ ልጁም መተኛት ጀመረ። የማኅበራችን መዝገብ የልጁን ስም ብቻ ሳይሆን የአሳዳጊዋን ሥራ፣ ጤንነትና የጎደላትን መሣሪያም ሊይዝ ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ድጋፍ የሚቋረጥበትን ቀን በክብር እናድርገው። ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ከየቲምነት ይወጣል፤ ድጋፉም ወደ ሌላ ታናሽ ልጅ መተላለፉ ሐቅ ነው። ነገር ግን አንዲት አያት ወር ጠብቃ ቢሮ ከመጣች በኋላ ስምዎ ተሰርዟል ተብላ ባዶ እጇን ብትመለስ፣ የተምር ዛፎቹን ነገር አልተማርንም ማለት ነው። ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይነገራት፤ ልጁ ሙያ የሚማርበት፣ እርሷም አነስተኛ መቋቋሚያ የምታገኝበት መንገድ ይታሰብ። አሥር እጥፍ መስጠት አንችል ይሆናል። ልቧን ሳንሰብር መሸኘት ግን እንችላለን። የሥራ አመራሩ ይህን በደንቡ ውስጥ እንዲያስገባ በዚህ ስብሰባ ፊት እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ እንጎብኛቸው። አቡበክርና ዑመር ጊዜ ካገኙ እኛ ምን ምክንያት አለን? እናቶችን በአደባባይ አሰልፎ፣ ዱቄትና ዘይት አስይዞ ፎቶግራፍ ማንሣት ጉብኝት አይደለም። ጉብኝት ማለት ቤታቸው ገብቶ በመደባቸው ላይ መቀመጥ፣ ቡናቸውን መጠጣት፣ ዱዓቸውን መቀበል ነው። እያንዳንዱ ለጋሽ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በረመዳን፣ የሚደግፈውን ቤተሰብ ከባለቤቱ ጋር ሄዶ ቢጎበኝ ገንዘቡ የማይሠራውን ይሠራል።

አራተኛው ለእናንተ ለአያቶችና ለአጎቶች ነው። በውርስ ሕጋችን፣ በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ ያላቸው አያት ሲሞቱ አባቱ ቀድሞ የሞተበት የልጅ ልጅ ድርሻ የለውም፤ አጎቱ ይጋርደዋል። የሴት ልጅ ልጆችም ከባለድርሻዎቹ ወራሾች ውስጥ አይደሉም። በዚህ የተነሣ አያቱ ቤት ያደገ የቲም ከአያቱ ቀብር ማግስት ደጅ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ሸሪዓው ግን በሩን አልዘጋም። አያት በሕይወት ሳለች ወራሽ ላልሆነው የልጅ ልጇ ከንብረቷ እስከ አንድ ሦስተኛ ድረስ በኑዛዜ (ወሲያ) ልትሰጠው ትችላለች። ይህን ነገር በቃል አትተዉት፤ በምስክር ፊት አጽፉት። የፌደራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ የኑዛዜ፣ የውርስና የሞግዚትነት ጉዳዮች በእነዚህ ፍርድ ቤቶች እንዲታዩ ይፈቅዳል። አጎቶችም ሆይ፣ የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ የሚበላ በሆዱ እሳት እንደሚበላ በሱረቱ ኒሳእ የተነገረውን አትርሱ።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ እጃችሁ በሥራ ለሻከረው እናቶችና አያቶች አንድ ቃል አለኝ። ጎንበስ ብላችሁ የምትሠሩት ሥራ ሰው ባያየው አላህ ያየዋል። ኡሙ አይመን ያንን ሕፃን ከአብዋእ ይዘው ሲመለሱ የነቢያት መደምደሚያን ይዘው እንደሚጓዙ አያውቁም ነበር፤ አደራቸውን ብቻ ነበር የተወጡት። እናንተም ዛሬ ያዘላችሁት ልጅ ነገ ማን እንደሚሆን አታውቁም። ልጆች ሆይ፣ እናንተም እናታችሁንና አያታችሁን አክብሩ፤ ስታድጉም እንደ ነቢያችሁ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታቸው ሄዳችሁ ጎብኟቸው።

አላህ ሆይ! በዱንያ የለፉትን እናቶቻችንንና አያቶቻችንን፣ የሞቱትን ማርልን፤ በሕይወት ያሉትን ጤናና ረጅም ዕድሜ ስጥልን። የቲሞቻችንን በዒልምና በአኽላቅ አሳድግልን። የለጋሾቻችንን ሰደቃ ተቀበል፤ በሀብታቸውም በረካ አድርግ። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።